ውሻውን ማን እያበላው ነው?

ውድ አደልሞ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላሉኝ እንጂ፣ አንተስ በሕይወትህ ርካሽ ነበርክ። የአይብ ዳቦ ስትገዛ እንኳ እኩል እንካፈል ብለህ ትልቁን ግማሽ ትወስድ ነበር። ከሞትክ ወዲህ ግን ተወደድክብኝ፤ ምን ላድርግ።

ከቀብርህ በኋላ እናትህ ዶና ዙልሚራ ወርክሾፑ ድረስ መጡ። እኔና ጁራንዲር የሳፑካይን ወንዝ ሙላት የሚያስጠነቅቀውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ፈታተን ተቀምጠናል። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ወደ እኔ ብቻ አዩ።

"የልጄን ውሻ ልወስድ ነው የመጣሁት" አሉ።

የምን ውሻ ነው አልኳቸው።

"በስልክ ሁልጊዜ የሚያወራላችሁ ነዋ። ውሻውን አብላው፣ ውሻው ተርቦ ጣለን፣ ይል አልነበር? እሱ ከሄደ ማን እያበላው ነው?"

ጁራንዲር ሳቁን ለመዋጥ ጠረጴዛ ስር ገባ። ብራዚል ስትሸነፍ እንኳ የምስቀው እኔ ግን አልሳቅኩም። ነገ ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ያ ውሻ ውሻ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። ትምህርቴን አቋርጬ ከብየዳ በቀር የማላውቀውን እኔን አጠገብህ አስቀምጠህ ሥራውን ያስጀመርከኝ በእሱ ነው። ከርነል የማሽኑ አዛዥ ነው፤ ድራይቨር ደግሞ አዛዡን ከቦርዱ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው አልከኝ። ዘበኛ ውሻ የምንለው ቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ማሽኑ በየጊዜው "አለሁ" እያለ ካላበላው፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል ብሎ አጥፍቶ ያስነሳዋል። ድራይቨር እንደ አንተ የሚለጠፍ መዥገር ነው ብለህ ስም አወጣህልኝ። ይኸው የሳንታ ሪታ ከተማ በሙሉ እናቴ ያወጣችልኝን ረስቶታል።

ጁራንዲር የጋራዡን ቢጫ ውሻ አጥበን እንስጣቸው፣ በምን ያውቃሉ አለኝ። አልዋሽህም፣ ተንኮሉ ጣፈጠኝ። ቢጫውን አንገቱ ላይ ገመድ አስሬ እስከ ደጃችሁ ጎተትኩት። በመስኮት ብመለከት እናትህ ውሃ በሳህን ቀድተው፣ አጠገቡ አሮጌ ሹራብህን ወለሉ ላይ አንጥፈው ይጠብቃሉ። ገመዱን ፈታሁት። ቢጫው ወደ ጋራዡ ሄደ፣ እኔ ቦርዱን ላመጣ ተመለስኩ።

ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ የመጨረሻ ሥራህን አስረዳኋቸው። ማሽኑ ሲነሳ ውሻው ቀድሞ ነቅቷል፤ ድራይቨራችን ግን የተኛ መስሎት ዝም ይላል። የሚያበላው ፕሮግራም እስኪደርስ ውሻው ይርበውና ማሽኑን ይጥለዋል። ያስነሳዋል፣ ደግሞ ይጥለዋል። አንተ የጀመርከውን እኔ ጨረስኩት። አሁን ድራይቨሩ ሲገባ መጀመሪያ ውሻው ነቅቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ነቅቶ ከሆነ ባለቤቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ፣ እስኪመጣ ከርነሉ ያበላዋል። ሠራ፣ አደልሞ። አንተ ሳታየው ሠራ።

ከዚያ እንዲያዩት ብዬ ፕሮግራሙን ሆን ብዬ ገደልኩት። ቦርዱ ዝም አለ። ትንሽ ቆየና መብራቱ ጠፋ፤ ተመልሶ በራ።

"ማሽኑ ዝም ሲል ውሻው ያውቃል ማለት ነው?" አሉ እናትህ።

ያውቃል፣ ሥራው እሱ ብቻ ነው አልኳቸው።

"ልጄ አውቶቡስ ውስጥ ዝም ሲል፣ ከፖውዞ አሌግሬ ከተማ እስከዚህ ድረስ፣ ተኝቷል ብለው ተዉት፤ ሞቶ ደረሰ። ያ ሁሉ ሰው ተሳፍሮ።" መብራቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ለእሱ ለምን አላደረጋችሁለትም?"

የቦርዱን ገመድ ነቅዬ መጠቅለል ጀመርኩ። እሳቸውም ተነሱና ቦሎቄ በሩዝ አቀረቡልኝ። ብላ አሉኝ፤ በላሁ። በማግስቱም ጠሩኝ።

አሁን ደንባችን ይኸው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍተው ወደ ወርክሾፑ "አንተ መዥገር" ብለው ይጣራሉ፣ ሄጄ እበላለሁ። ካልተጣሩ በር ሰብሬ እገባለሁ ብያለሁ። ባለፈው ዝም አሉብኝ። ሮጬ ሄጄ በሩን በትከሻዬ ስገፋው እሳቸው ለካ ራዲዮ እያዳመጡ ኖሯል።

"ምን ያንቀዠቅዥሃል፣ ቦሎቄው አልበሰለም" ብለው በመጥረጊያ አባረሩኝ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ፣ ስስቅ፣ ሳላውቀው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ቦርዱ ወንዙ ዳር ተሰቅሏል። ሹራብህ ግን ዛሬም ወለሉ ላይ ነው። ላነሳው ብል እናትህ "ተወው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ" ይሉኛል። እንደማትመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ቦሎቄያችንን እንበላለን።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እናትህ ዝም ካሉብኝ ሳንታ ሪታ በሙሉ እስኪነቃ እጮኻለሁ። በእሳቸው አታስብ፤ አንተ ተኛ።

ከመዥገርነት ወደ ውሻነት ያደግኩት፣
ወንድምህ