በአልታየሽ ጣሪያ የወረደው ውሃ

ይድረስ መተሐራ ላለሽው እህቴ ለተናኘወርቅ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እታለም? ጤናሽን እንዴት ነሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትነሳው? ባለቤትሽ መዝገቡ የፋብሪካው የክረምት ጥገና ቀለል ብሎለት በጊዜ ቤቱ መግባት ጀመረ? ልጃችን እድላዊትስ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ብርሃኑም እንደ ሰሞኑ አይደለም፣ ተመስገን ነው። ሰሞኑን ያቃጠለኝን ነገር በስልክ ጀምሬልሽ ካርዱ አለቀብኝ። ባያልቅም አንቺ መሐል ላይ እየገባሽ አታስጨርሺኝም። ደረጄ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልላክልሽ ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ለመተሐራ ሰው ስለ ሙቀት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የእናንተ ቤት ሲሠራም ለሙቀት ተብሎ ነው። የእኛ የለንደኑ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባበታለች፣ መስኮቱ ደግሞ ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ከአንድ ስንዝር በላይ አይከፈትም። ብርሃኑ ልቡን ካመመው ወዲህ ሙቀት አይችልም፤ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ሐኪሟ ክፍሉን ካላቀዘቀዝሽለት ሆስፒታል አስተኛዋለሁ ስላለችኝ ኩለር ገዛን። ጎማ ያለው ሳጥን ነው። ሆዱን ውሃ ትሞይዋለሽ፤ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ከጀርባው ያለውን ወፍራም ስፖንጅ ያርሰዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየሩን በእርጥቡ ስፖንጅ ውስጥ እየሳበ አቀዝቅዞ ይለቀዋል። እንስራ ነፋስ ላይ ሲቀመጥ ውሃው የሚበርደው ዓይነት ነው። የመጣ ዕለት ያንን አንቺ የሠራሽልኝን ባለ ዘርፍ ዳንቴል አለበስኩት። በእናታችን ቤት ሬዲዮ እንኳ ራቁቱን ቆሞ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ከኩለሩ ጀርባ ምንጣፉ ረስርሶ ጠበቀኝ። እዚያው ቢቀር ምን ነበረበት፤ በማሞቂያው ቧንቧ ቀዳዳ ወርዶ የታችኛውን ቤት ጣሪያ አበላሸው። ከታች ደግሞ ማን ያለች ይመስልሻል? አልታየሽ። ስለ እሷ ጽፌልሻለሁ፤ አምና ከአገር ቤቱ ምርጫ በኋላ እድራችን ለሁለት ሲሰነጠቅ እሷ በዚያ፣ እኛ በዚህ የሆንነው። ትልቁ የእድር ድስት እሷ ዘንድ ቀረ፣ ክዳኑ እኛ ዘንድ። እሷ ክዳኑን አምጡ፣ እኛ ድስቱን አምጪ እያልን ዓመት ሞላን። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር አንጋጠን እያየን ነው የምንወርደው።

እና የእኔ ውሃ በእሷ ጣሪያ ወረደ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆማ "በፖለቲካ ሲያቅታቸው በውሃ መጡብኝ" ብላ ለማይሰማውም አሰማች። ሦስት ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ አንዷማ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። ሰኞ ለሃውሲንግ፣ ቤቱን ላከራየን መሥሪያ ቤት፣ ኮምፕሌይን አደረገች፣ ከሰሰችኝ። እነሱም ውሃው እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካልቆመ ማሽኑ ከቤት ይወጣል ብለው ጻፉልኝ። ማሽኑ ወጣ ማለት ብርሃኑ ሆስፒታል ገባ ማለት ነው።

ከዚያማ ያላደረግኩት የለም። መጀመሪያ ውሃውን አብዝቼው ይሆናል ብዬ ከምልክቱ በታች ሞላሁ፤ አሁንም ይፈሳል። ወለሉ ዘንበል ብሎ ይሆናል ብዬ በአንድ ወገን ካርቶን አጥፌ ደገፍኩት፤ አሁንም። ጋሻው የሚባለው የብርሃኑ ጓደኛ አውቶቡስ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ እሱን ጠራሁት። መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ሲደውል ቤቱን አስተካክዬ፣ ዳንቴልሽን ግሪስ እንዳይነካብኝ አንስቼ ቁም ሣጥን ከተትኩ። ጋሻው ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሽ ፈትቶ ቴፕ ጠቅልሎ አጠበቀው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፍተን ጠበቅን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። መርቄ ሸኘሁት፣ ዳንቴሉን መለስኩ፣ በማግስቱ ምንጣፉ ሐይቅ ሆነ።

መዝገቡ በስልክ ቱቦው ነው፣ ሌላ አይደለም ብሎ ስለማለልኝ ጋሻውን እንደገና ጠርቼ የፓምፑን ቱቦ በሽቦ አሳሰርኩ። እሱ እያለ ደረቅ፤ ከሄደ በኋላ እርጥብ። የለንደን ውሃ ኖራ አለው፣ ስፖንጁን ደፍኖት ይሆናል ሲሉኝ ስፖንጁን አውጥቼ በኮምጣጤ ስፈትግ ዋልኩ፤ ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ እንጂ ውሃው አልቆመም። የሃውሲንጉ ሰውዬ በቀጠሮ መጥቶ አየው። እሱ ሲመጣማ ቤቱ መስታወት ነው፤ ማሽኑም ጨዋ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰውዬው ምንጣፉን ዳበሰና ወለል በባልዲ የማጠብ ልማድ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ብርሃኑን እንኳ "አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ እንዴት አታይም" ብዬ ጮኼበታለሁ። ጀርባው ወደ ግድግዳ ነው፣ በየት በኩል ልየው አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ቀነ ገደቡ ነገ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ያለ ስልክ፣ ያለ ቀጠሮ፣ አልታየሽ ከጣሪያዋ የጠበጠበ ውሃ በባልዲ ይዛ ቆማለች። "ይኸው የእናንተው ነው፣ ተረከቡ" ብላ ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በትከሻዬ አሻግራ ብርሃኑን አየችው። ሸሚዙን ከፍቶ፣ ያበጠ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ድምፅዋ ወረደ። "ብርሃኑ እንዲህ ሆኗል እንዴ? ለእኔ ማን ይነግረኛል?" አለች። ሳልጋብዛት ገብታ ሳመችው። ከዚያ ኩለሩን በጎማው ጎትታ ከግድግዳው አላቀቀችውና ጀርባውን በጣቷ አሳየችኝ።

እታለም፣ ዳንቴልሽ ነበር። ማራገቢያው ዘርፉን ስቦ በጀርባው ወንፊት አስገብቶ እርጥቡ ስፖንጅ ላይ ለጥፎታል። ሌላው ጫፍ ወለል ድረስ ተንጠልጥሎ ጠብ፣ ጠብ ይላል። "የነጠላ ጫፍ ባልዲ ውስጥ ሲቀር ውጪ ያለው ወለሉን እንደሚያጥለቀልቅ ጠፍቶሽ ነው? ማሽኑን የምታከናንቢው ለማን ልትድሪው ነው?" አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ሰው በመጣ ቁጥር፣ ጫፉ የረጠበው ከምንጣፉ መስሎኝ፣ ዳንቴሉን እያነሳሁ ጥፋተኛውን ስደብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳትደውል የመጣችው እሷ ብቻ ስለሆነች እሷ አገኘችው። ሌላ ሰው ቢያገኘው ምን ነበር እያልኩ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ታረቁ ብለሽ እልል እንዳትዪ። ሻይ አፍልቼላት ሁለተኛው ስኒ ላይ ምርጫው ተነሳ። እሷ ኮሮጆ ስትል እኔ ታዛቢ ስል ድምፃችን ደረጃው ድረስ ተሰማ። ብርሃኑ "ኩለሩ ያቀዘቀዘውን እናንተ ታሞቁታላችሁ" ብሎ አስቆመን። ተኮሳትራ ወጣች። ስትወጣ ግን የድስቱን ክዳን መደርደሪያው ላይ አየችው።

ዓርብ ሰውዬው መጥቶ አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ ከሥር ያነጠፈው ወረቀት ደርቆ አገኘው፣ ማሽኑ እንዲቆይ ፈረመልኝ። እሱ እንደወጣ አልታየሽ መጣች። ዓርብ ቢሆንም ለበሽተኛ ጾም የለም ብላ ጨው የሌለው የዶሮ ሾርባ ለብርሃኑ ሠርታለች፤ ለአንድ በሽተኛ ሾርባ፣ መቶ ሰው በሚያበላው በእድሩ ድስት፣ አፉን በትሪ ከድና በሁለት እጇ ታቅፋ። ትሪውን አንስቼ ክዳኑን አወረድኩና ከደንኩት። ልክክ አለ። ሁለታችንም ስለ ሾርባው ብቻ አወራን።

ዳንቴልሽን አጥቤዋለሁ፤ ኖራ ነክቶት ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ይቅር በይኝ። አሁን ፍሪጁ ላይ ነው። ጊዜ ስታገኚ አንድ ሥሪልኝ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለአልታየሽ ቴሌቪዥን ነው። ዘርፉን እንደልብሽ አስረዝሚው፣ የእሷ ቴሌቪዥን ውሃ አይጠጣም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እድላዊትን ውጤቷ እንደወጣ ራሷ ትጻፍልኝ በያት። ጎረቤትሽን እንግዳወርቅን ስለ ላከችልኝ በርበሬ አመስግኚልኝ። መዝገቡን ሰላም ብለሽ፣ ቱቦው ምንም እንዳልነበረበት ንገሪው፤ ምሎ ነበርና ንስሐ ይግባ። ብርሃኑ ሁላችሁንም በጣም ናፍቋል፤ ይህን ስጽፍ ከኩለሩ ፊት እንቅልፍ ወስዶታል፣ የእግሩም እብጠት ጎድሏል።

እህትሽ ብፅዓት
ለንደን፣ ኬኒንግተን
ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.