አያታችን ፈረስ አልነበረውም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ሳሉ ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ ለሱ አታስብ። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሌን እንዳያለሳልስ አስምዬዋለሁ።

እስልምና ከአገር አገር እንዴት እንደተዳረሰ ከጻፍከው መጽሐፍ የላክኸውን ወረቀት የመስጊዱ ሰብሳቢ አነበበልን። በባሕሩ ቅመም ነጋዴዎች አደረሱት፣ በበረሃው ጨው ጫኞች፣ በተራራው ቁርኣን ተማሪ ደረሳዎች፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ጦር ቀድሞ ገባ ብለሃል። ያላየሁትን አልከራከርም። እንዲያውም ልጄ ዓለሙን አወቀ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ንባቡ የኛ ሰፈር ጋ ደረሰ።

«ሰባት መቶ ፈረሰኛ አስከትሎ የገባው ጀግናው አያታችን» ይላል። ሰዉ ደስ አለው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አምሳ ዓመት ሬሳ ሳጥብ፣ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ የከረመውን እንኳ ሳነሣ፣ ፊቴን አዙሬ አላውቅም።

የምን ፈረስ? አያታችን የነጋዴ ጭነት ተሸካሚ ነበር። አባቴ ከእናቱ ሰምቶ የነገረኝን እኔም ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነግሬሃለሁ። ወረርሽኝ ገባ፤ ነጋዴው ጌታው ሸሸ፤ እሱ ቀረ። እናት የልጇን ሬሳ ጥላ በምትሮጥበት ዘመን በየቤቱ እየዞረ፣ ቤተ ዘመድ እያስፈቀደ፣ አጥቦ ቀበረ። ምን አገባህ ሲሉት፣ ሰው አይደለም እንዴ ይላል። ሌላ ስብከት አያውቅም። በመጨረሻ በሽታው እሱንም ጣለው። ያገባት መበለት ፅንስ ይዛ ነበር፤ እኛ ከዚያ ነን። ሰዎቹ ተሰብስበው፣ አንተንስ ስትሞት እንዴት እናድርግህ ብለው ጠየቁት። ተኝቶ አስተማራቸው። ይህ ሰፈር ከሃይማኖታችን መጀመሪያ የተማረው ሶላት አይደለም፤ እሱን ማጠብ ነው።

ሰብሳቢው፣ የርስዎ ምስክርነት ካለ ነው የሚታተመው፣ አሻራዎን ያኑሩበት አለኝ። ተነሥቼ፣ «አያቴ አጣቢ ነበር፤ እኔም አጣቢ ነኝ። ልጄ ዋሽቷል» አልኩ። አንዱ ቀልደኛ፣ «አባባ፣ ፈረሰኛ ቢሆን ምን ይጎዳዎታል? እኛም የፈረሰኛ ጎረቤት እንባል ነበር» አለ። ሳቁ። እኔ አሻራዬን ሳላኖር ወጣሁ። ምዕራፉ ቀርቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ከሌላ አፍ እንዳትሰማው።

ተማሪ ሳለህ በዚህ እጄ የቆረስኩትን ዳቦ ትተህ ስትነሣ አይቼሃለሁ። ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ለጓደኞችህ፣ አባቴ የመስጊድ ጠባቂ ነው ማለትህንም ሰምቻለሁ። በእኔ እፈር፤ ጫንቃዬ ይችለዋል። እሱን ግን ፈረስ ላይ አታውጣብኝ።

እውነቱን መጻፍ ከፈለግህ ሥራውን ልንገርህ፤ ረስተኸው ይሆናል። ውሃው ለብ ይላል። ገላው ይሸፈናል፤ የአጣቢው እጅ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከቀኝ ይጀመራል። የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚነኩት ቀስ ነው። አጣቢ ያየውን ነውር አያወራም። አባትን ለማጠብ የሚቀድመው ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ፣ የተገኘው ሰው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ እውቀትህን ይባርክልህ፤ ወደ እኔ የሚያመጣህንም መንገድ ቅርብ ያድርገው።

አባትህ