ከኦቦ ገመቹ ጋር የተሟገትንበት ገጽ

ሰኞ

ዓርብ ይዘጋል። ይህን ያህል ዓመት የጻፍንበት የኢንተርኔት የውይይት መድረክ በሦስት መስመር ማስታወቂያ፣ ያውም «ውድ ተጠቃሚዎቻችን» በሚል ሰላምታ፣ መዘጋቱ ተነገረኝ። እኔ የማንም ተጠቃሚ አይደለሁም፤ ተሟጋች ነበርሁ። ማስታወቂያውን ያየሁትም አንድ የጊምቢ ጡረተኛ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው።

ምክንያታቸው «ጎብኚ የለም» የሚል ነው። ጎብኚው ለምን እንደጠፋ አልጻፉም። እዚህ ወለጋ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በተመለሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቴሌግራም ገብቶ አገኘሁት። እዚያ አንዱ በድምፅ ያጉረመርማል፣ ሌላው የሚስቅ ፊት ይልካል፣ ሦስተኛው የአበባ ሥዕል ለጥፎ «መልካም ቀን» ይላል። ክርክር በአበባ ይዘጋል? በእኛ መድረክ የፊተኛውን ሳያነብ የሚመልስ ሰው ያፍር ነበር።

ስለ ራሴ ጽሑፍ አልጨነቅም። የገመቹ ጽሑፍ ግን እዚያ ነው። ኦቦ ገመቹ ቀያሽ ነበር፤ ባለፈው ሰኔ ዐረፈ። ባሕር ዛፍ የነቀምቴን ምንጮች አደረቀ ባይ እሱ፣ ባሕር ዛፍ ባይኖር ቤታችሁን በምን ትሠሩ ነበር ባይ እኔ። ሁለታችንም የአንድ ሰፈር፣ የበከኒሳ ቀሴ ሰዎች ነን። በመንገድ ስንገናኝ «አካም ቡልተን» ተባብለን፣ የልጆች ጤና ተጠያይቀን እንለያያለን። በመድረኩ የተጻፈ ወደ መንገድ አይወጣም፤ ማንም ያላወጀው ሕጋችን ይህ ነበር።

በለቅሶው ሰሞን ባለቤቱ አዴ ጫልቱ «ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ብቻውን የሚስቀው ምን እየተባለ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አመጣልዎታለሁ አልሁ። ቃሌን እስከ ዛሬ አልፈጸምሁም፤ መግባት አልቻልሁማ። መድረኩ ለአባል ብቻ ነው የሚከፈተው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አሮጌው ስልኬ ነበር፤ እሱም ተሰብሯል።

ማክሰኞ

«የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?» ይላል። አዎን፣ ረስቻለሁ። «ወደ ኢሜይልዎ ልከናል» ይላል። አድራሻውን በከፊል ሸፍኖ ያሳየኛል፤ የእኔ አይደለም።

ለባለቤቶቹ ጉዳዩን በሥርዓት ዘርዝሬ ጻፍሁላቸው። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል»፤ ከጎኑም የሚስቅ ፊት። ማን ነው የሚስቀው? ምኑ ነው የሚያስቀው?

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ትዝ አለኝ። መድረኩ ሲከፈት እኛ መምህራን ኢሜይል አልነበረንም። ሁላችንንም በራሱ አድራሻ ያስመዘገበን የኢንተርኔት ቤቱ ቶለራ ነው። ፀጉር ቤት እንደሚገባ ሰው ገብተን ወረፋ እንይዛለን፤ እሱ ገጹን ከፍቶ «ይጻፉ ባርሲሳ» ይለናል። መምህሩን ሁሉ በኦሮምኛ ባርሲሳ፣ መምህር፣ እያለ ነው የሚጠራው።

በባጃጅ ሄድሁ። ቤቱ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ሻጯን ስለ ኢንተርኔት ቤቱ ብጠይቃት «እሱ ድሮ ነው አባባ፤ ለስልክዎ ሽፋን ልስጥዎት?» አለችኝ። ድሮ! ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ ግን፣ ቶለራ ቢላ ከተማ ገብቶ እህል እንደሚነግድ ነግሮኝ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ረቡዕ

አያነሣም። ስደውልለት ዋልሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴት መልስ ልሰጣት ምንም አልቀረኝም። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

አነሣ። ገና ድምፄን ሲሰማ፣

«ባርሲሳ፣ አሁንም ይቆጣሉ?»

«ምክንያት ሲኖረኝ።»

«እንግዲያው ሁልጊዜ አለዎት።»

ጉዳዩን አስረዳሁት። ኢሜይሉ ከጠፋ ቆይቷል አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ኢሜይሉ ምን ያደርግልዎታል? የይለፍ ቃሉ ለሁላችሁም አንድ ነበር እኮ።»

«ለሁላችን?»

«ያ ሁሉ መምህር ረሳሁ እያለ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ? ለሁላችሁም የሚስቴን ስም ሰጠኋችሁ። እሱን ብረሳ እሷ አትምረኝም።»

ደሜ ፈላ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማንም መምህር በማንም ስም ሊጽፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህንኑ በጠነከረ ቃል ነገርሁት። «በእርስዎ ስም?» አለኝ፤ «የእርስዎን አማርኛ ማን ችሎት?» ደስ እንዳለኝ እንዳያውቅ ቶሎ ተሰናበትሁት።

የሚስቱን ስም ጻፍሁና ገባሁ። ሁሉም አለ። ገመቹ አለ።

ዓርብ

ከማለዳ ጀምሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበርሁ። አታሚዋ ልጅ ትዕግሥተኛ ናት፤ መብራቱ አይደለም። ይመጣል፣ ይሄዳል። ገጹ በመጣ ቁጥር ጊዜ እንዳናባክን ብዬ የገመቹን ብቻ አስቀዳሁ። የእኔን ለምን ብዬ? የራሴን ቃል አውቀዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ገጹ ነጭ ሆነ። ልጅቷ ደጋግማ ሞከረች። ስንብት የለም፣ ይቅርታ የለም። ሰው ሱቁን ሲዘጋ እንኳ በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ስንት ሰው አንጎሉን ያፈሰሰበትን እንደ እጣቢ ደፉት።

የገመቹ ግን በእጄ ነው።

ቅዳሜ

አዴ ጫልቱ ቤት ዋልሁ። እሳቸው የሚያነቡት የኦሮምኛውን ቁቤ ነው፤ አማርኛውን መስማት እንጂ ፊደሉን አይችሉም። ስለዚህ እኔ አነበብሁ።

«ወዳጄ፣ ይህን የጻፍኸው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ከሆነ ተነሥ፤ ከእግርህ ውኃ እየጠጣ ነው።»

አዴ ጫልቱ ሳቁ። ከዚያም «ምን ብለውት ነው እንዲህ ያለው?» አሉኝ።

ወረቀቱን አገላበጥሁ። ምን እንዳልሁት የለም። የሁለት ሰው ጠብ ይዤ የአንዱን አፍ ብቻ ቆርጬ መጥቻለሁ። አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው! መብራቱን፣ ባለቤቶቹን፣ ቶለራን ሁሉ ስረግም ሰንብቼ ይህን ያጠፋሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ።

«እርስዎ ይንገሩኛ» አሉ። «አፍ አለዎት አይደል?»

ከትዝታዬ ተናገርሁ። እሱን አነብባለሁ፣ ራሴን እናገራለሁ። በመንገድ ላይ ያልተነሣው ክርክር በቤቱ ሳሎን፣ በወንበሩ ትይዩ ተነሣ። እየሞቀኝ ሄደ። በመካከል ቀና ስል አዴ ጫልቱ አገጫቸውን ደግፈው ያዩኛል።

«ባርሲሳ፣ ዛሬ በጣም እያሸነፉ ነው።»

ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ልል አሰብሁ። በእውነት እንዲሁ ነበር? ሄጄ የማመሳክርበት ቦታ የለም፤ «አላልህም» የሚለኝም ሰው የለም።

ስነሣ እስከ በር ሸኙኝ። «ነገ ከቸርች ስመለስ ይምጡ» አሉኝ፤ «ግን አንዳንድ ቦታ እሱም ያሸንፍ።»

እሞክራለሁ አልኋቸው። ባሕር ዛፉን ግን አልለቅም።