ከከብቶቹ ጋር ነው ስንልህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለይታገሱ፣

እንዴት ሰነበትክ? እንዴት ከረምክ? ያ የደቡብ አፍሪካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሱቁስ? አብረውህ ያሉት የአገራችን ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? እዚህ እማዬም፣ ትንሿ እህታችን ናዝሬትም፣ እኔም በሕይወት አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ትደርስበታለህ።

አደይን ደግሞ በዚህ በስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ሳትል አትቀርም። ስልኩን የማነሳው ሁልጊዜ በሰው መሃል ነው። እማዬ አጠገቤ ትቆማለች፤ አጎታችን ደበሌ ካለ ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦብኝ ነው የማወራህ። ወረቀት ላይ የሚያፈጥብኝ የለም። ጎረቤታችን ዳምጤ ለመስቀል መጥቶ ከርሞ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። በል መጀመሪያ ቁጭ በል። ቆመህ እንዳታነበው።

በመስቀል ማግስት ስትደውል አባዬን አቅርቡልኝ አልክ። እኔም እንደለመድኩት ከከብቶቹ ጋር ነው አልኩህ። አንተም፣ ስለዚያ ስለሸጥኩት በሬ ስለ ቦቃ ቂም ይዞብኝ ነው አይደል ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን የነፈገኝ፣ ይቅር ይበለኝ በይልኝ ብለህ ዘጋህብኝ። ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ፣ አንጀቴን በላኸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ወረቀት ስጀምር ስቀድ ከረምኩ።

ይታገሱ ወንድሜ፣ አባዬ ቂም አልያዘብህም። አባዬ የለም። በሰኔ ማርያም ዕለት አርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳለቻ፣ ያቺ አሮጊት ላማችን፣ እርጉዝ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ከብቶች ሲገቡ እሷ ቀረች። ዝናቡ ደግሞ አይጣል ነው። እኔ ልሂድ ብለው፣ አንቺ ብትጠሪያት አትመጣም፣ የምታውቀው የእኔን ድምፅ ነው ብሎኝ ዱላውን ይዞ ወጣ። ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ተይዛ አገኛት። እየነዳ ሲያስገባት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ታውቀው የለ፤ መጀመሪያ እሷን በጆንያ አደራረቃት፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ አበላት፣ ከዚያ በኋላ ነው ለራሱ እሳት የጠየቀው። በነጋታው ደረቱን ወጋኝ አለ። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሐኪሞቹም የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። በአራተኛው ቀን ሄደ።

ከቀብር እንደተመለስን ደበሌ ዘመድ ሰበሰበና ይታገሱ እንዳይሰማ አለ። በሰው አገር ብቻውን ሆኖ ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ፣ ማን ይይዘዋል፣ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም አለ። እማዬም እውነት ነው አለች። እኔም እሺ አልኩ፤ ምን አባቴ ልበል! ከዚያ ወዲህ ከከብቶቹ ጋር ነው እያልንህ ከረምን። ማንስ ይጠረጥራል? አባዬ ዕድሜውን ሁሉ ከከብቶቹ ጋር አልነበር እንዴ? ቪዲዮ ክፈቱ ስትል ኔትወርክ የለም ያልንህም ውሸት ነው። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ ከል ለብሳ ስለነበር ነው። አንድ ቀንማ ብሶብኝ ስልኩን ይዤ ወደ ጋጡ ገባሁና የላሞቹን ድምፅ አሰማሁህ። አንተም ስቀህ አባዬ ዛሬም ያው ነው አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው እበቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዳለቻም ብትሆን አበሳዬን ነው ያሳየችኝ። በሐምሌ መጨረሻ በሰላም ወለደች፤ ወተቷን ግን ያዘች። ናዝሬት ልትሞክር ቀርባ ተረገጠች። እኔ ስሞክር ማለቢያውን ደፋችብኝ። በመጨረሻ አንተ ለአባዬ የላክህለትን ካፖርት ለበስኩና ቀረብኳት። አሽታ አሽታ ቆመችልኝ። እስከ ዛሬም በካፖርቱ ነው የማልባት። አየህልኝ የእህትህን ሥራ! ላሟን በካፖርት፣ አንተን በስልክ ሳታልል ከረምኩ። እሷስ ላም ናት፤ አንተን ግን እንዴት ብዬ?

አሁን ስለ ቦቃ ልንገርህ። ያንን በሬ ሳትነግረው ቡታጅራ ገበያ ወስደህ ሸጠህ የሄድክ ጊዜ ክፉኛ እንደተናደደ አልደብቅህም። ሳምንት ሙሉ ባዶውን ጋጥ እያየ ተቀምጧል። እኔማ ረግሜህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ግን እጄን ያዘና፣ ይታገሱ ድርሻውን ነው የወሰደው፣ ልጄን ሌባ እንዳትሉብኝ አለ። ዳለቻ የምትወልደው የእሱ ነው፣ ሲመጣ ባዶ ጋጥ እንዳይጠብቀው አለ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ዝም ብዬ አንተ ቂም ይዞብኝ ነው እያልክ ስትኖር፣ ይሄ ከውሸትም የባሰ ሆነብኝ።

ጥጃዋ ሴት ናት። እንደ ቦቃ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ የለባትም። ቀይ ናት፣ ከሲታ ናት፣ ጠባይዋም አያድርስ ነው። እስካሁን የዋሸሁህ ይበቃል። ስም አላወጣንላትም፤ የባለቤቷ ነው ብዬ ተውኩት። ደበሌ ከብቶቹን ሸጠን እንረፍ ይላል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብያለሁ።

እማዬ ይህን መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ሳሚልኝ ብላ ታስጽፈኝ ነበር። ናዝሬት ፈተናዋን አልፋ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ በጣም ናፍቃሃለች። ደበሌ ሲሰማ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ፤ ሰላምታው ግን ይድረስህ፣ እሱም ክፉ አስቦ አይደለም። የዳምጤ እናትም እንዴት ነህ ትልሃለች። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አባዬም ሰላም ብሎሃል እልህ ነበር። ዛሬ እሱን የምልበት አፍ የለኝም።

ዳምጤን አስምዬዋለሁ። ይህን ወረቀት ብቻህን ሳለህ እንዳይሰጥህ፣ የአገራችንን ልጆች ሰብስቦ በማለዳ ቤትህ ይዟቸው እንዲመጣ ነው ያልኩት። እስቲ አሁን ቀና በልና ዙሪያህን እይ። ለጨዋታ የመጡ መስሎህ ነበር አይደል? ሁሉም ያውቃሉ፤ ሊይዙህ ነው የመጡት። እኛ አልቅሰን ቀብረነዋል፤ የቀረበት ያንተ እንባ ነው። በል ወረቀቱን አስቀምጠውና ጮክ ብለህ አልቅስለት፣ ወንድሜ።

እህትህ አደይ
ቡኢ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.