የአዴ ዲንቄ አውራ ጣት

ሰኞ፣ የካቲት 2

አንድ አሻራ ብቻ ቀረን። አንዲት አውራ ጣት! ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፦ የጋብቻ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ቤታችንን አይታ የጻፈችው ሪፖርት (ፍሪጁን ሳይቀር ከፍታዋለች)። ዓርብ ዳኛዋ ፊት እንቀርባለን። ከፈቀደች ሲፈን በሕግ ልጃችን ትሆናለች።

በሕግ አልኩ እንጂ ልጄማ ከሆነች አምስት ዓመት አልፏል። እናቷ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ነበር፤ ስትሞት ሲፈን ገና ዳዴ ትል ነበር። አባት የለም። ሕጉ የሚያውቀው አሳዳሪ አያቷን፣ የባቱዋን አዴ ዲንቄን ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ ዳኛዋ ፋይሉን ዞር ብላ አታየውም።

ነገ ባቱ እሄዳለሁ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ፋይል የተሸከምኩ ሴት አንድ አሻራ ያቅተኛል? ባሌ ቶሎሳ፣ ቀስ በይ፣ ወረቀት ይዘሽ ዘው አትበይባቸው አለኝ። መቼ ሰምቼው አውቃለሁ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ጉዴ ፈላ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ወረቀቱንና የአሻራ ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አዴ ዲንቄ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ።

"ሲፈንን አልነፍግሽም። ወረቀት ግን አልነካም።"

ለምን ብዬ ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ ነገሩኝ። ጫልቱ የምትባል የመጨረሻ ልጅ ነበረቻቸው፤ የሦስት ዓመት። ባላቸው ሞቶ ችግር ሲጠናባቸው የአንድ ማሳደጊያ ሰዎች መጡ። ተምራ ትመለሳለች አሏቸው። በዚችው ጣት ፈረሙ። ልጅቷን ባሕር ማዶ ወሰዷት፤ የውጭ ጉዲፈቻ ከመከልከሉ በፊት ነው። አንድ ፎቶ መጣላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ማሳደጊያውም ተዘጋ።

"እናሳድግልሽ ሲሉኝ እሺ አልኩ እንጂ እናትነቴን ተውኩ አላልኩም" አሉኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ቀለሙን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ስወጣ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። እንደ አባቶቻችን የጉዲፈቻ ወግ በሽማግሌ ፊት ማሉልኝ፣ ያኔ ጣቴን እሰጣችኋለሁ አሉ። ቶሎሳ ይህን ስነግረው፣ ቀስ በይ አላልኩሽም ብሎ ሳቀብኝ። የት ልሂድ!

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ሥራ ቦታ ያልታዘዝኩትን ፋይል ስገልጥ ዋልኩ።

በጣም የድሮዎቹ ላይ አሳዳሪ የሚመርጠው የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ። ለአንድ ልጅ የሰባት ሰው አሻራ! ግን የልጁ ስም አንዴ ተጽፎ ይጠፋል፤ አንተስ ምን ትላለህ ያለው የለም። ከዚያ የማሳደጊያዎቹ ዘመን ይመጣል። ፎርሙ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ማኅተሙ የሚያምር፣ ከግርጌው የእናት አውራ ጣት። እነዚህን ከመደርደሪያ ወደ ችሎት ያመላለስኳቸው እኔው ነኝ። ቁጥራቸውን እንጂ ውስጣቸውን አንብቤ አላውቅም።

አንዱ አሻራ ላይ ዓይኔ ቀረ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ስንቷ እናት ናት እዚህ ክፍል ውስጥ ያለችው? ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

በስመ አብ! ከምን ልጀምር።

ሲፈንን ይዘን ባቱ ስንደርስ አዴ ዲንቄ ግቢ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁን። ትልቁ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ እኔና ቶሎሳ ቆመን መለስን።

"ነገ ብትወልዱስ?"

"ታላቋ ሲፈን ናት።"

"ብታጠፋስ?"

"እንቆጣታለን፤ አንመልሳትም።"

"ወገኖቿን ብትፈልግስ?"

"እናመጣታለን፤ አንደብቃትም።"

አዴ ዲንቄ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሽማግሌው ሲፈን አናት ላይ ቅቤ አድርገው መረቁን። "ቀዘቀዘኝ!" ብላ ስትጮህ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ለወግ ያህል ብዬ ነበር እኮ የመጣሁት! ማኅተም የለ፣ ፊርማ የለ፤ ግን ከዚያ ቃል ማን ደፍሮ ይወጣል? ስንት ትውልድ በዚህ ቃል ልጅ አሳድጓል? ሳስበው ያፈዘኛል።

አዴ ዲንቄ አብረውን ወደ ቤታችን አዳማ መጡ። ሲፈን ከእኔ ጋር ካልተኙ ብላ ይዛቸው ገባች።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ከችሎት መመለሳችን ነው።

ዳኛዋ ከሁላችንም በፊት የጠየቀችው ሲፈንን ነው። ከወንበሯ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ? "ከእማዬና ከአባዬ ጋር። አያቴም ትምጣ፣ ግን ታንኮራፋለች።" ዳኛዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ከትናንት ወዲያ ፋይሎቹ ውስጥ ያየኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ማንም ያልጠየቃቸው።

አዴ ዲንቄ ተራቸው ሲደርስ ቀለሙን ገፋ አደረጉት። "የማሉልኝ ይጻፍልኝ። ከዘመዶቿ አትቆረጥም ብለዋል።"

ዳኛዋ የቤተሰብ ሕጉን ገለጠች። "ሃርሜ" አለቻቸው፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ "ይሄ እኮ ሕጉ ውስጥ አለ። ልጅ በጉዲፈቻ ሲሰጥ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም።" አንብባም በኦሮምኛ አስረዳቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ያስማሉን ራሱ ነው! ያንን መጽሐፍ ስንቴ አቧራውን ጠርጌዋለሁ፤ አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም።

አዴ ዲንቄ ጣታቸውን ነክረው አሳረፉ። ጸደቀ! ሲፈን ልጃችን ናት። ቶሎሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አዴ ዲንቄ ግን አልተነሱም። ጣታቸውን በሶፍት እየጠረጉ ወደ ዳኛዋ ቀና አሉ።

"ይሄ ሕግ ለጫልቱም ይሠራል?"

ጫልቱ ማን እንደሆነች በአጭሩ ነገርኳት። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።

"የት እንዳለች አላውቅም፣ ሃርሜ። እናቷ ግን እርስዎ ነዎት።"

አዴ ዲንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከችሎት ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ጥበቃው ደንግጦ ተነሳ። ለየትኛዋ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።