ሁዳዴና የቸርችል ዳገት

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ጠዋት ልምምድ። ጎማ የተገጠመለትን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ አጥልቄ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ። አንድ ወያላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እህቴ፣ በረዶው ቀልጦ አለቀብሽ እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ልወድቅ ነበር።

አሠልጣኜ ካሣሁን ግን አይስቅም። ስድስት ዓመት የሮጥኩበትን እግር ከምንም አልቆጠረውም። «ሉዋም፣ ሳንባሽ ለሁለት ሰው ይበቃል። ስኪ ላይ የሚገፋሽ ግን ክንድሽና ጀርባሽ ነው» ይላል። ብረት ላይ ተንጠልጥዬ አገጬን ያሳለፍኩት አምስት ጊዜ ነው። እሱ ስምንት ይፈልጋል። መጋቢት 19 ፈተና አለ... የቸርችልን ዳገት እግሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በሁለቱ ዱላዎች ብቻ እየገፋሁ፣ ከስድስት ደቂቃ በታች መውጣት። ካለፍኩ ሁለት ወር ውጭ አገር፣ እውነተኛ በረዶ ላይ ልምምድ። ካላለፍኩ ቦታው ለሌላ ሰው ነው።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። አባቴ፣ አቦይ፣ ዘንድሮም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም አለ። አምና ስትሮክ መትቶት አንድ እጁ የደከመ ሰው! የነፍስ አባቱ አባ ገብረክርስቶስ፣ «በሽተኛ ነህ፣ መድኃኒትህን በልተህ ዋጥ» ብለውታል። ማን ሰምቶ።

ካሣሁን ደግሞ ከልምምድ በኋላ ወዲያው ብዪ ብሎኛል። ሽሮም፣ ምስርም፣ ኦቾሎኒም ይበቃሻል አለ። ግን አባቴ ተርቦ ተቀምጦ እኔ ፊቱ ልጉረስ? እማዬ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ማንም ብቻውን በልቶ አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ለካሣሁንም አልናገርም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

«በላሽ?» ካሣሁን ነው። «በላሁ።» ውሸት... ያውም በጾም!

ጎረቤታችን ሀኒፋ ጋ ገብቼ ልቅመስ ብዬ አሰብኩ። ለካ እሷም ረመዳን ይዛለች። ሰፈሩ በሙሉ ተባብሮ ጾመብኝ።

ብረት ላይ አራት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሦስተኛው ላይ እጄ ለቀቀ። በጀርባዬ ወደቅሁ። ካሣሁን አነሳኝና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እውነቱን ያልነገርሽኝ?» ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብረት ስታነሺ ጡንቻሽ ይጎዳል። የሚጠገነው ስትበዪ ነው። ጾሙን ጹሚ... እስከ ዘጠኝ ሰዓት መራቡን ግን ማን አዘዘሽ?»

ማን አዘዘኝ?

ቤት ገብቼ የአቦይን የመድኃኒት ዕቃ መክፈት አቃተኝ። በሁለት እጄ! አቦይ አየኝ፤ ረሃብ መሆኑ ገባው። ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ወደ ጊዮርጊስ ወጣ። እስኪመለስ መንገድ ላይ ይወድቃል ብዬ በጣም ፈራሁ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ከልምምድ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሽሮ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት! ትንሽ አርሯል፤ በአንድ እጁ ነው ያማሰለው።

«ነዪ ጓለይ፣ ነዪ ልጄ፣ ቁርስ።»

«አቦይ፣ ገና እኮ ጠዋት ነው...»

«አባ ገብረክርስቶስን ጠየቅኋቸው። ‹ልጅህን አስርበህ የምትጾመው ለማን ነው?› አሉኝ።»

አማተበ። ጎረሰ። ቀስ ብሎ፣ የሚያመው ይመስል። አርባ ምናምን ዓመት በሁዳዴ ጠዋት እህል ቀምሶ አያውቅም። ለእኔ ብሎ ነው። ከዚያ አጎረሰኝ። እንባዬን ከሽሮው ጋር ዋጥኩት። እንዴት እንደምወደው!

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ብረት ላይ ሰባት። ካሣሁን ፈገግ ያለ መሰለኝ። አቦይም መድኃኒቱን በልቶ እየዋጠ ነው፤ ፊቱ ወዝ አወጣ። ሽሮው ግን አሁንም ያርራል።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ግማሹ ዳገት ላይ ክንዴ ተቃጠለ። አለቀልኝ አልኩ... ጀርባዬ ግን ያዘ። ገፋሁ፣ ገፋሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስደርስ አቦይ ቆሟል። ብቻውን ነው የመጣው!

«አምስት ከሃምሳ አንድ!» ካሣሁን ጮኸ። አልፌያለሁ። አቦይ በደህናው እጁ አንገቴን አቀፈኝ፤ ላቤን እንኳን አልጠላም።

ወደ ቤት ስንሄድ ደስታዬ መሀል ላይ ፍርሃት ገባብኝ። አላስቻለኝም።

«እኔ ስሄድ... ብቻህን ትበላለህ?»

ከዘራውን እየተመረኮዘ ሄደ። እስከ ቤታችን በር ድረስ።

«ጠዋት ጠዋት ደውይ» አለኝ። «ስልኩን ሳህኔ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ አብረን እንበላለን።» ከዘራውን አነሳብኝ። «ካልደወልሽ ግን አልበላም!»