የአባቴን አንገት ለተከራዩት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ፓክ ሙስታሪ፣
የታንጁንግ ላባ ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አሰላሙ ዐለይኩም። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት በወደቡ ግድግዳ ላይ አራት ሜትር ቁመት ይዘው፣ ጉንጭዎ ሞልቶ፣ ጥርስዎ ነጥቶ ስላየሁዎት ስለ ጤንነትዎ ብዙም አልሰጋሁም።

እኔ ሐስናዋቲ ነኝ። ቡንጋ ካራንግ የተባለችውን ባለሸራ መርከብ በማዕበል መሐል በኮምፒውተር እንድስል ያዘዙኝ ሴት። መርከቧ ከሃያ ዓመት በፊት ስትሰጥም ከሰባቱ መርከበኞች አምስቱ አልተመለሱም፤ መሪዋን ይዞ የነበረው አባቴም ከነዚያ አንዱ ነው። ለመታሰቢያው ቀን «የሆነውን እንደሆነው ሳይልን» ብለው ሲያዙኝ ከልቤ አመስግኜዎት ነበር። ዛሬም የምጽፈው ያንኑ ምስጋና በተራ ቁጥር ለማሟላት ነው።

፩. ባሕሩን ስላጠቡልኝ አመሰግናለሁ። ከአደጋው የተረፉት የመርከቧ ወጥ ሠሪ፣ ሽማግሌው ዳዬንግ ንጋሌ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከታብሌቴ አጠገብ ተቀምጠው ማዕበሉን አስተምረውኛል። ብዕሬ ሰማያዊ በነካ ቁጥር «ኧረ ተይ ልጄ! ይሄ እኮ የመዋኛ ውኃ ነው። የዚያን ቀን ባሕሩ እጣቢ ነበር የሚመስለው» ይሉኛል፤ አጠፋለሁ፣ እንደገና እስላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ግን «በቃ ዝጊው፣ አቅለሸለሸኝ» አሉኝ። ሥዕሉ እንዳለቀ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ጎብኚ እንዳይደነግጥ በማሰብ ያንን ባሕር ሰማያዊ ቀብቶ፣ ፀሐይ አውጥቶ፣ ሁለት ዶልፊን ጨምሮበት አገኘሁት።

፪. «ሥዕሉ ተጨናንቋል» ብለው ገመድ ላይ የተንጠለጠሉትን ስድስቱን ሰዎች ሲያስጠፉ አባቴን በርኅራኄ ስላስቀሩት አመሰግናለሁ። ገላውን ማለቴ ነው። ከአንገቱ በላይ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ይህን ላያውቁ ይችላሉ፤ አባቴ አንድም ፎቶግራፍ የለውም። ፊቱን የሣልኩት በእናቴ አንደበት ነው፤ «ግንባሩ እንደ ወንድምሽ ነው፣ ቅንድቡ ግን ይገጥማል» እያለች ነግራኝ። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሳይሰቀል አላይም ብላ ነበርና በመታሰቢያው ዕለት አረንጓዴ የሐር ሽርጧን ለብሳ መጣች። መጋረጃው ተገፈፈ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። እናቴ ወደ ላይ አንጋጣ ቆየችና፣
«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።
«ኃላፊው ናቸው፣ እማ።»
«አባትሽስ የት ሄደ?»

እርስዎም ሰምተው፣ በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ ሥዕል እኮ ነው። ለከተማችን ገጽታ ብለን ነው» አሏት፤ በገዛ እጅዎም ኬክ ቆርሰው ሰጧት። እሷም አመስግና ተቀብላ ለወደቡ ድመት አስቀመጠችው። ድመቷ አሽትታ ሄደች።

፫. ሦስተኛውን ልጽፍ ተነሥቼ ነበር፤ አስጸየፈኝ፣ ተውኩት።

ይልቅ ያደረግሁትን ላሳውቅዎ። ዋናውን ሥዕል በሸራ ላይ አሳትሜ፣ የዓሣ ሻጮቹን ሴቶች አስፈቅጄ፣ ከዓሣ ገበያው አዳራሽ ሰቀልኩት። ዓርብ ከጸሎት በኋላ የመርከበኞቹ ቤተሰብ ሁሉ መጣ። ዳዬንግ ንጋሌ በጣታቸው እያሳዩ ሰባቱን በየስማቸው ጠሩ፤ የመርከበኛው የሳይነል ስም ሲጠራ አንዲት ሴት «አቤት» አለችለት፣ እናቱ ነበረች። እናቴ አባቴ ፊት ቆመች። «አፍንጫው ትንሽ ሰፋብሽ» አለችኝ፤ ቀጥላም በቀስታ፣ «ለካ ያኔ ገና ልጅ ነበር!» አለች። ከዚያ በኋላ ከሥዕሉ ፊት አልተነሣችም። ሴቶቹ ወለሉን ሊያጥቡ ሲመጡ ፈቀቅ በይ አላሏትም፤ ዙሪያዋን አጠቡ።

ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ግርጌ የተጻፈውን ስሜን ያጥፉልኝ። ማጥፋት እንደሚችሉበት አይቻለሁ።

ሥልጣንዎ እንደ ፈገግታዎ እንዲሰፋ፣ ኅሊናዎም ካለበት በሰላም እንዲመለስ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

ሐስናዋቲ፣ የመሪ ያዡ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ መርከቧ አምራ እንድትታይ ሰባቱንም ሸራዎች አስዘርግተዋል። ዳዬንግ ንጋሌ እንደሚሉት በዚያ ንፋስ ሰባት ሸራ የዘረጋ ቢስሚላህ ሳይል ይገለበጣል። እባክዎ ዋና ይማሩ።